የቶርኖን ትምህርት ማን ይጻፈው?

ሙያ ከጌታው ወደ ተለማማጁ በዐይንና በእጅ በሚተላለፍበት ዘመን ለብረት ሥራ የተጻፈ ትምህርት እምብዛም አያስፈልግም ነበር። ልጁ መጀመሪያ ፍቅፋቂ ይጠርጋል፣ ቀጥሎ ሊማ ይጨብጣል፣ ከዓመታት በኋላ ቶርኖው ላይ ይቆማል። ይህን ልማድ በትምህርት ቤት ደረጃ ከሰበሩት አንዱ ሞስኮ የነበረው የንጉሠ ነገሥቱ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። ዳይሬክተሩ ቪክቶር ዴላ ቮስ እ.ኤ.አ. በ1868 መማሪያ ወርክሾፑን ከማምረቻው ለዩ፤ እያንዳንዱንም ሙያ በትንንሽ ልምምዶች ሸንሽነው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደረደሩ። ለየልምምዱ ንድፍና ናሙና ስለተዘጋጀ አንድ መምህር ብዙ ተማሪ በአንድ ጊዜ ማሠራት ቻለ። ናሙናዎቹ በ1876 ፊላደልፊያ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲቀርቡ፣ ያኔ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት (ኤምአይቲ) ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን ራንክል ለዓመታት የፈለጉትን መልስ ያገኙ ያህል ተደሰቱ፤ ተቋማቸውም ዘዴውን እንዲቀበል አደረጉ።

የዴላ ቮስ ሥርዓት ትልቅ ግኝት ነበር። ነገር ግን ሳይታሰብ አንድ ነገር አስቀረ። በድሮው ቤት አዲሱን ልጅ ባብዛኛው የሚያርመው ጌታው ሳይሆን ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ የገባው ተለማማጅ ነው። ያ ልጅ የት እንደሚሳሳቱ ያውቃል፤ አምና የተሳሳተው እሱ ነዋ! በአዲሱ ሥርዓት ግን ትምህርቱን የሚጽፈው ሁሉን ያወቀው ሰው ብቻ ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ትምህርት ቢሮ የፋብሪካ ሠራተኞችን በፍጥነት ለማሠልጠን ከ400 በላይ ፊልሞች ሲያሠራም መንገዱ ያው ነበር፤ ብረት መለካት ወይም ቶርኖ ማንቀሳቀስ በትክክለኛው ቅደም ተከተል፣ በሠለጠነ እጅ ይታያል። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ጭራሽ ወርክሾፑን ከኢንጂነሪንግ ትምህርት የሚያስወጣ ሐሳብ ነው። የ1955ቱ የግሪንተር ሪፖርት የእጅ ሙያ የሚያመዝንባቸው ኮርሶች ቀርተው ቦታው ለሳይንስ እንዲለቀቅ መከረ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ሰሙት። ሪፖርቱን ሙሉ በሙሉ አልኮንንም፤ ሒሳብ የማያውቅ ኢንጂነር ለማንም አይጠቅምም። ሆኖም በ1970ዎቹ የኤምአይቲው መምህር ዉዲ ፍላወርስ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ከረጢት ቁርጥራጭ ዕቃ ሰጥተው በማሽን ውድድር ማፋለም ሲጀምሩ ሕዝቡ አዳራሽ ሙሉ ሆኖ መታደሙ፣ የጎደለው ነገር ምን እንደነበር በደንብ አሳይቷል።

የተለማማጁ ድምፅ ወደ ትምህርቱ የተመለሰው ከዚያ በኋላ፣ በሌላ በር ነው። በ1998 የፊዚክስ ሊቁ ኒል ገርሸንፌልድ በዚያው ኤምአይቲ «ማንኛውንም ነገር (ለማለት ይቻላል) እንዴት መሥራት እንደሚቻል» የሚል ኮርስ ከፈቱ። ለጥቂት ተመራማሪዎች ታስቦ ነበር፤ መቶ ያህል ሰው መጣ፤ ከመጡትም ውስጥ ማሽን ነክቶ የማያውቅ አርቲስትና አርክቴክት ነበረበት። በኮርሱ ሥር በሰደደው ልማድ ተማሪው በየሳምንቱ የሠራውን በራሱ ገጽ ላይ ይጽፋል፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ያንን እያነበበ ይጀምራል። በ2009 የተጀመረው ፋብ አካዳሚ ይህን ወደ ብዙ አገሮች ወሰደው፤ የተማሪው ገጽ የሚገመገምበት ዋና ማስረጃ ሆነ።

ከእነዚህ ገጾች የሚገኘው ዕውቀት ምን ዓይነት እንደሆነ ለማየት አንድ ሥራ ይበቃል። የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በትንሽ ፍሬዛ ሲቀረጽ ቆራጩ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የቆራጩ ጫፍ መዳቡን የሚነካበት ቦታ ዜሮ ተብሎ ሲመዘገብ ብሎኑ ይላላል፤ ቆራጩ በጣት ካልተደገፈ ይወድቅና ጫፉ ይሰበራል። ሰሌዳው የሚያዘው በሁለት ወገን በሚጣበቅ ፕላስተር ነው። ፕላስተሩ አንድ ቦታ ከተደራረበ ሰሌዳው በዚያ ወገን ከፍ ይላል፤ ቆራጩ እዚያ ላይ ጠልቆ ይገባል፣ በሌላው ጠርዝ ደግሞ መዳቡን ሳይቆርጥ ያልፋል። አሥር ዓመት የሠራ ባለሙያ ፕላስተሩን ሳያስበው አስተካክሎ ይለጥፋል፤ ስለዚህም መመሪያ ሲጽፍ ትዝ አይለውም። ትናንት ሦስት ቆራጭ የሰበረ ተማሪ ግን ከዚህ ሌላ የሚጽፈው የለውም፤ የተበላሸውን ሰሌዳ ፎቶ ሳይቀር ይለጥፋል። ባለሙያ የሚረሳው የሚያውቀውን ሳይሆን እንዴት እንዳወቀው ነው፤ የተማሪው ገጽ ዋጋም ዲጂታል በመሆኑ ሳይሆን ከዚህ መርሳት በፊት በመጻፉ ነው።

ከሚነሡት ተቃውሞዎች አንዱ እጅ ከስክሪን አይማርም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ግን ከዴላ ቮስ ንድፍም ከጦርነቱ ፊልሞችም አልተማረም። ሁሉም፣ እጅ ወደ ብረቱ ከመሄዱ በፊት፣ ዐይን ምን እንደሚጠብቅ የሚናገሩ ናቸው። ይልቅ የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ጀማሪ የጻፈው ስሕተት ሰው ሊገድል ይችላል። ቶርኖ ልቅ ፀጉርና ረጅም እጅጌ አይምርም፤ በ2011 አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንዲት ተማሪ በሌሊት ሥራ ላይ ሳለች በዚሁ ምክንያት ሕይወቷ አልፏል። ከዚህ ወገን ለሚነሣው ክርክር ሳላንገራግር እጄን እሰጣለሁ፦ የደኅንነት ደንብ የሚጻፈው በኃላፊው ነው፤ ማሽኑ ሲነሣም አጠገቡ ሰው መኖር አለበት። የተማሪ ገጽ ፈቃድ አይሰጥም። ቆራጭ ለምን እንደሚሰበር መንገርና ማን ማሽኑን እንደሚነካ መወሰን ግን ሁለት ሥራዎች ናቸው።

ተማሪ ለውጤት ሲል ውድቀቱን ይደብቃል የሚሉም አሉ። ያለቀለት ዕቃ ፎቶ ብቻ በሚጠየቅበት ቤት ይደብቃል፤ ፋብ አካዳሚ ግን የገጠመውን ችግርና የፈታበትን መንገድ እንዲጽፍ ስለሚጠይቅ መደበቁ ራሱ ያስቀንሰዋል። የገጾቹ ዕድሜ አጭር መሆኑ ግን አይካድም። ሶፍትዌሩ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፤ «ይህን ተጫን» የሚለው መመሪያ ከነምስሉ ያረጃል። ስለዚህ አዲሱ ክፍል ያለፈውን እያረመ እንደገና ይጽፋል፤ ስለ ፕላስተሩ የተጻፈው ብዙም እርማት አይፈልግም።