ከመድኃኒቱ በኋላ የሚሰነብት

ፊናስተራይድ የተባለውን መድኃኒት መግለጫ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «የጎንዮሽ ጉዳት» የሚለውን ብዙም ሳያስብ ይጽፈዋል። ጣጣው የሚመጣው ከፊቱ «ዘላቂ» ሲደነቀር ነው።

«ዘላቂ» ከልማትና ከሰላም ጋር የኖረ ቅጽል ነው፤ ጉዳት ላይ ሲለጠፍ የዕድሜ ልክ ፍርድ ይመስላል። መግለጫው ግን ያን ያህል አላለም። መድኃኒቱ ቴስቶስተሮን ወደ ዳይሃይድሮቴስቶስተሮን እንዳይለወጥ ያግዳል። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 1992 ላበጠ የፕሮስቴት ዕጢ በ5 ሚሊግራም፣ በ1997 ደግሞ ለራሰ በራነት በ1 ሚሊግራም ተፈቀደ። በ2012 የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም በአንዳንዶች ላይ መቀጠሉ በመግለጫው እንዲሰፍር አደረገ። መቀጠሉ እንጂ እስከ መቃብር መዝለቁ አልተጻፈም፤ መንስኤው መድኃኒቱ ራሱ ስለመሆኑም ክርክሩ አልተቋጨም።

«ጉዳት»ም ቢሆን ሁሌ ልክ አይደለም። ሚኖክሲዲል የደም ግፊት መድኃኒት ነበር፤ ፀጉር ማብቀሉ የጎንዮሽ ውጤቱ ነው። ራሰ በራ ይህን ጉዳት ይለዋል?

«ዘላቂ» ተብሎ ለሚተረጎመው የእንግሊዝኛ ቃል (persistent) የሚስማማው «ሰነበተ» ነው። ከ«ሰንበት» ጋር የሚዛመድ ግስ ነው፤ ቆይታን ይናገራል እንጂ ማብቂያውን አይወስንም። ሕመምተኛም «እንዴት ሰነበትክ?» ይባላል። ስለዚህ ተርጓሚዎች «ዘላቂ»ን ለልማቱ ትተው፣ «መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ሊሰነብት የሚችል የጎንዮሽ ጉዳት» ብለው ቢጽፉ ይሻላል። ረዝሟል፤ ግን ክኒኑን ሊጀምር የተዘጋጀ ሰው ሐኪሙን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ያውቅበታል።