ጫፉ ስለሚለወጥ ብዕር

የቁም ጸሐፊ የመቃ ብርዑ ሲደንዝበት ቢላዋውን አንሥቶ እንደ ገና ይቀርጸዋል። የብረት ጫፍ ግን በቢላዋ አይቀረጽም። ለዚህ ችግር መላ ካበጁት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1858 ሪቻርድ ኤስተርብሩክ በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት በካምደን ከተማ ያቋቋመው ፋብሪካ ነው።

ፋብሪካው አስቀድሞ ከቀለም ብልቃጥ እየተነከረ የሚጻፍበትን ጫፍ ይሠራ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት ቀለሙን በሆዱ የሚይዘውን ብዕር ሲሠራ፣ ጫፉን እንደ ብሎን እየተጠመዘዘ የሚወጣና የሚገባ አደረገው። በየጫፉም ላይ ቁጥር ተቀረጸ፤ ለሒሳብ መዝገብ 1550፣ ለግሬግ አጭር ጽሕፈት 1555፣ ለፊርማ 2284፣ በካርቦን ወረቀት ግልባጭ ለሚያወጣ 9460። የፊርማው ጫፍ ሰፊ፣ የሒሳቡ ቀጭን ነውና፣ አለቃውንና ጸሐፊውን በጫፋቸው መለየት ይቻል ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በ9 የሚጀምሩት ጫፎች ኦስሚሪዲየም የተባለ ጠንካራ ማዕድን ስላለባቸው በቀላሉ አያልቁም። በ1 እና በ2 የሚጀምሩት ርካሾች ግን፣ ወረቀቱ እየፋቃቸው እንደ ጸሐፊው አያያዝ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ። ዛሬ አሮጌ ብዕር የሚሰበስብ ሰው እንዲህ ያለውን ጫፍ ሲያገኝ፣ ሳያመነታ ነቅሎ በሌላ ይተካዋል፤ ብዕሩም አምሮ ይጽፋል። ነገር ግን ያ የተጣለ ጫፍ፣ ስሙ በየትም ያልተመዘገበ አንድ ጸሐፊ ብዕሩን እንዴት አጋድሎ ይይዝ እንደ ነበር የሚመሰክር ሰነድ ነበር። ስለዚህ ሌላውን አስገብተው ይጻፉበት፤ የተነቀለውን ግን በወረቀት ጠቅልለው፣ ከየትኛው ብዕር እንደ ወጣ ጽፈው ያኑሩት።