የቻይና መንገድና የደርግ ዘመን ወዳጆች



ከወልድያ ተነስቶ በጋሸናና በእኛዋ ኮን አድርጎ ወረታ የሚወርደውን መንገድ ሁላችንም «የቻይና መንገድ» እንለዋለን። ቻይና እንደሠራችው የማያውቅ የለም። ውሉ የንጉሡ፣ ሥራው ግን የደርግ ዘመን መሆኑን ስንቶቻችን ልብ ብለናል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃንሆይ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይና ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ፤ ያለ ወለድ የሚከፈል ብድር ተፈረመ። በዚያው ሰሞን ኢትዮጵያ ቤጂንግ የተባበሩት መንግሥታትን ወንበር እንድታገኝ ድምጿን ሰጠች። መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ንጉሡን አወረደ። ኅዳር 14 ደግሞ 60 ሰዎች ተረሸኑ። ንጉሡ ወረዱ፣ ብድሩ ግን አልቀረም፤ ቻይኖቹ መጥተው መንገዱን ሠሩ።

አሜሪካስ? በስልሳዎቹ ደም ብትደነግጥም መሣሪያ መስጠቷን አልተወችም። ኤፍ-5 ኢ የተባሉት ጀቶች ለደርግ የደረሱት ከዚያ ግድያ በኋላ ነው። ለምን? አስመራ ላይ ቃኘው ጣቢያ ነበራት፤ ሶማሊያን ደግሞ ሶቭየት ታስታጥቅ ነበር። በሰብዓዊ መብት ስም የጦር እርዳታዋን የቀነሰችው የካቲት 1969 ነው። ያኔ በሳተላይቱ ምክንያት የቃኘው ዋጋ ወርዶ ነበር። ሚያዝያ ላይ ደርግ ጣቢያውን ዘጋው።

ሐምሌ ላይ ሶማሊያ ስትወረን ሶቭየት የትናንት ወዳጇን ትታ ወደ እኛ ዞረች፤ ኩባም ወታደር ላከች። መንገድ የሠራችልን ቻይናም ብትሆን፣ ከሶቭየት ጋር ስለተቃቃረች፣ ልቧ ወደ ሶማሊያ ነበር።

በ77ቱ ረሃብ አሜሪካ ስንዴ ሰጠች፤ ለልማት የሚሆን ገንዘብ ግን በሕጓ ታግዶ ነበር። አንዱ ምክንያት ደርግ ለወረሰው የአሜሪካኖች ንብረት ካሳ አለመክፈሉ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ደም ያላስቆመውን እርዳታ ንብረት አስቆመው።

ዛሬም ያው ነው። ሐምሌ 2015 ኒጀር ውስጥ ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ጎረቤቶቿ ድንበር ዘጉ፤ ናይጄሪያም መብራት ቆረጠች። ጨለማ ውስጥ ያደረው ግን ከሁሉ በፊት ተራው ሕዝብ ነው።

ስለዚህ «የውጭ መንግሥታት አወገዙ» የሚል ዜና ስትሰሙ መግለጫውን ብቻ አታንብቡ። ምን ቆመ? ምን ቀጠለ? ዕዳው ማን ላይ ወደቀ? ብላችሁ ጠይቁ።

መንገዱ ሲሠራ ያዩ፣ በጉልበታቸውም የሠሩ አባቶች አጠገባችሁ ካሉ ጠይቋቸውና እዚሁ ጻፉልን። ሳያልፉብን እንስማቸው።