የጠብመንጃ ሰደፍና የአናጢው እጅ

ስለ ጠብመንጃ ታሪክ በአገራችን ብዙ ተጽፏል። ከየትኛው መንግሥት እንደ ተገዛ፥ በየትኛው ወደብ እንደ ገባ፥ በጦር ሜዳ ምን እንደ ሠራ ከመጻሕፍት እናገኛለን። ሰናድር፥ ውጅግራ፥ ምንሽርና ለበን የተባሉትም ስሞች ከባሕር ማዶ ፈልሳፊዎቻቸው የተወረሱ ናቸው። ብረቱን ስለሚሸከመው ሰደፍና ስለ ጠራቢው ግን እምብዛም የተባለ የለም። በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህን ጉድለት ለማመልከት እንሞክራለን።

በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት 100 ሺህ ያህል እንደ ነበረ ይገመታል፤ አብዛኛውም ጠብመንጃ የያዘ ነበር። ብረት በአግባቡ ከተያዘ ብዙ ዘመን ይቆያል። እንጨት ግን ሲወድቅ ይሰነጠቃል፥ በዝናብ ያብጣል፥ በፀሐይ ይጣመማል። ፋብሪካው በአውሮፓ ነውና የተሰበረውን ሰደፍ የሚጠግን እጅ በቅርብ መገኘት ነበረበት። እንግዲህ መሣሪያው የውጭ ቢሆንም ዕድሜው የተመካው በአገር ቤት ሙያተኛ ላይ ነው።

ሥራው ለሚያየው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ትዕግሥትን ይጠይቃል። እንጨቱ በመጥረቢያና በመሮ መልክ ከያዘ በኋላ በሞረድ ይስተካከላል፤ ከዚያም በስለት ወይም በጠርሙስ ስባሪ ይፋቃል። ቀጥሎ ሸካራው፥ ኋላም ልሙ ብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ይታሻል፤ ጅማቱን አቋርጦ ማሸት ጭረት ይተዋል። ከዚህ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ሲወለወል የተኙት የእንጨቱ ፀጉሮች ይነሣሉ፤ ሲደርቅም እንደገና ይታሻል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተደገመ በመጀመሪያው ዝናብ ሰደፉ ይሻክራል። በመጨረሻም የተልባ ዘይት በስሱ እየተቀባ፥ እየደረቀ፥ በመዳፍ ይታሻል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ብረትና እንጨት በሚጋጠሙበት ጠርዝ ነው። እዚያ ላይ ማሸት ከበዛ ክፍተት ይፈጠራል፥ መመለሻም የለውም። ብረቱ ካልጠበቀ በተተኮሰ ቁጥር ይነቃነቃል፥ ዒላማም ይስታል።

ይህን የመሰለ ዕውቀት ስለ ምን ሳይጻፍ ቀረ? ምክንያቱ የእጅ ሥራ ይናቅ ስለ ነበረ ይመስለናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ንጉሡን እንደ ሰደበ ተቈጥሮ አንድ ዓመት እንዲታሰር አዝዘዋል። ዐዋጅ ማስፈለጉ ራሱ ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ለዚህ ነገር ጉለሌ ጥሩ ምስክር ነው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች፥ ሸማኔዎችና ቀጥቃጮች ከተማዋን እያገለገሉ ስድቡን ለረጅም ዘመን ተሸክመዋል። በዚያው ክፍለ ከተማ፥ በጳውሎስ አካባቢ፥ እ.ኤ.አ. በ1946 የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ቀድሞ ወጣቶችን ለከፍተኛ ትምህርት ያዘጋጅ ነበር፤ ዛሬ የፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የእጅ ሙያ ያስተምራል። ይህ ለውጥ በትምህርት ቤት ታየ እንጂ በታሪክ አጻጻፋችን ገና አልታየም።

ስለዚህ ጓደኞቻችን በቤተ መዘክር አሮጌ ጠብመንጃ ሲመለከቱ፥ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን የፋብሪካ ስም አንብበው እንዳያልፉ እናሳስባለን። ሰደፉ ተለውጦ፥ ተጠግኖ ወይም ተጠርቦ እንደ ሆነ ይመርምሩ። የአገራችን ባለሙያ ስሙን ባይጽፍም የእጁን ምልክት የተወው በእንጨቱ ላይ ነው።