አራት ሆርን፣ ሦስት እምቢልታ

ከጆሴፍ ሃይድን 104 ቁጥር ከተሰጣቸው ሲምፎኒዎች መካከል 31ኛው እምብዛም አይነሣም። የተደረሰው እ.ኤ.አ. በ1765 ለልዑል ኤስተርሃዚ ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ በተለመዱት ሁለት ፈንታ አራት ሆርኖችን ይጠይቃል፤ የሚከፈተውም በእነርሱ ጥሪ ነው። የዚያ ዘመን ሆርን፣ ማለትም የአዳኞች ቀንደ መለከት፣ ቫልቭ አልነበረውም። የቱቦው ርዝመት አንድ ጊዜ ከተወሰነ ነፊው በከንፈሩ የሚያወጣው በዋናነት የመሠረታዊውን ድግግሞሽ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እጥፍ እያሉ የሚቀጥሉትን ድምፆች ነው። ሃይድን ይህን እጥረት አልሸሸገም፤ የአደኑን ጥሪ የሲምፎኒው መነሻ አደረገው እንጂ።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እምቢልታም የጣት ቀዳዳ የለውም። እያንዳንዱ ነፊ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ይዞ ተራውን ይጠብቃል፤ ዜማው የሚወለደው ከሦስቱ መፈራረቅ ነው። በእኔ ግምት ይህ የሥራ ክፍፍል ከሃይድን መፍትሔ ይልቅ የረቀቀ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ሙት ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱ የነሐስ ባንድ ሆኑ። ቫልቭ ሙሉውን የድምፅ መሰላል ለአንድ ሰው እጅ ሰጠ፤ ሦስት ሰው መጠበቅም ቀረ።

የሃይድን አራት ክፍሎች በኖታ ስለ ሰፈሩ የትኛውም ኦርኬስትራ ዛሬም ይነፋቸዋል። የእምቢልታው ክፍፍል ግን በአብዛኛው ያለው በነፊዎቹ ትዝታ ነው፤ አንዱ ሲሞት ሁለቱ የቀራቸው ቁርጥራጭ ነው። ስለዚህ መቅረጫ ይዞ የሚሄድ ባልደረባ ቢኖር፣ በአንድ ማይክሮፎን አይብቃው፤ ለሦስቱም ለየብቻ ያቁምላቸው።