ድሮንን ከዓይን እይታ ክልል ውጭ ማብረር ለምን ይከለከላል?

ለመዝናኛ የሚውሉ አነስተኛ ሰው አልባ አውሮፕላኖች /ድሮኖች/ ከአብራሪያቸው የዓይን እይታ ክልል እንዳይወጡ የሚያዘው ደንብ በአሜሪካና በአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች የዘርፉ ቁጥጥር ዋነኛ መሠረት ነው። ለገበያ የሚቀርቡ ድሮኖች የሬዲዮ ግንኙነታቸው ሳይቋረጥ በርካታ ኪሎ ሜትሮችን ርቀው መብረር የሚችሉ በመሆናቸው፣ የደንቡ መከበር በመሣሪያው አቅም ላይ ሳይሆን በአብራሪው ግንዛቤ ላይ የተመሠረተ መሆኑን የደረሱ አደጋዎች አሳይተዋል።

በኒውዮርክ የደረሰው ግጭት

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2017 ምሽት በኒውዮርክ ከተማ ስታተን አይላንድ አቅራቢያ በመብረር ላይ የነበረ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር፣ አንድ ግለሰብ ለመዝናኛ ካስነሳው ድሮን ጋር ተጋጭቷል። ሄሊኮፕተሩ በዋናው ተሽከርካሪ ክንፉ ላይ ጉዳት ቢደርስበትም በሰላም ያረፈ ሲሆን፣ በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት አልነበረም። በሄሊኮፕተሩ ላይ የተገኘው የድሮኑ ሞተር ስብርባሪ ባለቤቱን ለመለየት አስችሏል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ባካሄደው ምርመራ፣ ግጭቱ በደረሰበት ወቅት ድሮኑ ከአብራሪው 2 ነጥብ 5 ማይል ወይም 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እንደነበር አረጋግጧል። አብራሪው ድሮኑ ሳይመለስ ሲቀር ብልሽት ገጥሞት ውኃ ውስጥ የወደቀ መስሎት የነበረ ሲሆን፣ ስለ ግጭቱ ያወቀው መርማሪዎች ካነጋገሩት በኋላ ነው። በአካባቢው ጊዜያዊ የበረራ ገደብ ተጥሎ እንደነበርም አላወቀም።

ቦርዱ የግጭቱ መንስኤ አብራሪው ሆን ብሎ ድሮኑን ከእይታው ውጭ በማብረሩ ሄሊኮፕተሩን አይቶ መሸሽ አለመቻሉ መሆኑን አስታውቋል። ስለ ደንቦቹ የነበረው ዕውቀት የተሟላ አለመሆኑም ለአደጋው አስተዋጽኦ ማድረጉን አመልክቷል። ግጭቱ የደረሰው በ300 ጫማ ገደማ፣ ማለትም ለድሮኖች በተለምዶ ከሚፈቀደው የ400 ጫማ ጣሪያ በታች መሆኑ ደግሞ የከፍታ ገደብ ብቻውን በቂ መከላከያ አለመሆኑን ያሳያል።

የዓይን እይታ ለምን አስፈለገ?

አብራሪ ያላቸው አውሮፕላኖች በዝቅተኛ ከፍታ ላይ ሲበሩ ግጭትን የሚከላከሉት በዋናነት "አይቶ መሸሽ" በሚባለው መርህ ነው። በአነስተኛ ድሮን ላይ አብራሪ ስለሌለ ይህን ኃላፊነት ሊወጣ የሚችለው መሬት ላይ የቆመው ሰው ብቻ ነው። የድሮኑ ካሜራ የሚያሳየው የዞረበትን አቅጣጫ በመሆኑ ከጎን፣ ከኋላ ወይም ከላይ የሚመጣን ሄሊኮፕተር አያሳይም። የሄሊኮፕተር አብራሪም ቢሆን መጠኗ አነስተኛ የሆነችን ድሮን በጊዜ የማየት ዕድሉ ጠባብ ነው።

በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሄሊኮፕተር አንድ ኪሎ ሜትርን የሚጨርሰው በ18 ሰከንድ ነው። በሌላ በኩል ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድሮን አንድ ኪሎ ሜትር ሲርቅ ጤነኛ ዓይን ለይቶ ሊያየው ከሚችለው የመጨረሻ ወሰን ላይ ይደርሳል። ድሮኑ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደዞረ ለመለየት የሚቻለው ግን ከዚህ እጅግ ባነሰ ርቀት ነው። በመሆኑም የሬዲዮው አቅምና የዓይን አቅም የተራራቁ ሲሆኑ፣ ሕጉ ወሰን አድርጎ የወሰደው አነስተኛውን ነው።

ደንቡ ምን ይላል?

በአሜሪካ የሞዴል አውሮፕላን አብራሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣ መመሪያ በፈቃደኝነት ከ400 ጫማ በታች እንዲበሩ ይመከሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሕግ ለመዝናኛ የሚደረግ በረራን ከአብዛኛው ደንብ ነጻ ቢያደርግም በእይታ ክልል ውስጥ መሆንን በቅድመ ሁኔታነት አስቀምጧል። ይህ ነጻነት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2018 በጸደቀው ሕግ ተሽሮ በዝርዝር ግዴታዎች ተተክቷል።

በዚህ ሕግ መሠረት ለመዝናኛ የሚያበር ሰው ድሮኑን በእይታው ክልል ውስጥ ማቆየት፣ ሰው ለጫኑ አውሮፕላኖች ምንጊዜም ቅድሚያ መስጠት፣ ቁጥጥር በማይደረግበት የአየር ክልል ከ400 ጫማ /120 ሜትር ገደማ/ በላይ አለመብረር፣ ቁጥጥር በሚደረግበት የአየር ክልል ደግሞ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ይጠበቅበታል። የደህንነት ዕውቀት ፈተና ማለፍና ክብደቱ 250 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነን ድሮን ማስመዝገብም ግዴታ ነው። ፈተናው ከጁን 2021 ጀምሮ በኢንተርኔት ያለክፍያ ይሰጣል።

"በእይታ ክልል" ሲባል በሜትር የተወሰነ ርቀት አይደለም። የአገሪቱ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለንግድና ለሥራ የሚደረጉ በረራዎችን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በኦገስት 2016 ተግባራዊ ያደረገው ደንብ፣ አብራሪው የሚከተሉትን ማወቅ እንዲችል ያዛል፤ የድሮኑን መገኛ፣ ከፍታውንና የሚሄድበትን አቅጣጫ፣ በአካባቢው ሌላ አውሮፕላን ወይም አደጋ መኖር አለመኖሩን እንዲሁም ድሮኑ የሰው ሕይወትና ንብረት አደጋ ላይ አለመጣሉን። ይህንንም በመነጽር ወይም በኮንታክት ሌንስ ካልሆነ በቀር በሌላ መሣሪያ ሳይታገዝ ማየት አለበት። ስለዚህ አጉልቶ የሚያሳይ መነጽርም ሆነ የመቆጣጠሪያው ስክሪን የዓይንን ቦታ አይተካም።

ከካሜራው የሚመጣውን ምስል በዓይን ላይ በሚታሰር መነጽር እያዩ ለሚያበሩ ሰዎች የተፈቀደው አማራጭ፣ አጠገባቸው የሚቆምና በቀጥታ የሚያነጋግራቸው ረዳት ድሮኑን በዓይኑ እንዲከታተልላቸው ማድረግ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብም "ክፍት" በሚለው ምድብ ውስጥ ከ25 ኪሎ ግራም በታች የሆኑ ድሮኖች በእይታ ክልል ውስጥና ከ120 ሜትር ሳይበልጡ እንዲበሩ ይፈቅዳል።

ክብደት ከግዴታ ነጻ አያደርግም

ከ250 ግራም በታች የሆነ ድሮን በአሜሪካ ለመዝናኛ ብቻ ሲውል ከምዝገባ ነጻ ቢሆንም ከእይታ ደንቡ ነጻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃኑዋሪ 9 ቀን 2025 በሎስ አንጀለስ ፓሊሴድስ አካባቢ የተነሳውን ሰደድ እሳት በማጥፋት ላይ የነበረና ከካናዳ ኪውቤክ ግዛት የመጣ አውሮፕላን ከአንድ አነስተኛ ድሮን ጋር ተጋጭቷል። አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ በግራ ክንፉ ላይ 8 በ15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ተገኝቷል። የጥገናው ወጪ ከ65 ሺህ ዶላር በላይ ሲሆን፣ አውሮፕላኑ በእጅጉ በሚፈለግበት ወቅት ከሥራ ውጭ ሆኗል።

የፍርድ ቤት ሰነዶች እንደሚያመለክቱት አብራሪው ድሮኑን በሳንታ ሞኒካ ከሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ አስነስቶ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ወደ እሳቱ አቅጣጫ ልኮት ከእይታው ተሰውሮበታል። ግለሰቡ በቀረበበት ክስ ጥፋተኛነቱን አምኗል። ከዚህ በተጨማሪ ደንብ የሚተላለፉ አብራሪዎች በአንድ ጥሰት እስከ 75 ሺህ ዶላር የሚደርስ አስተዳደራዊ ቅጣት ሊጣልባቸው እንደሚችል በአሜሪካ ሕግ ተደንግጓል።

ከእይታ ውጭ የሚፈቀዱ በረራዎች

ከእይታ ክልል ውጭ መብረር ፈጽሞ የተከለከለ አይደለም። በሩዋንዳ ዚፕላይን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ በመንግሥት ፈቃድ ደም ወደ ጤና ተቋማት በድሮን ያደርሳል። በአሜሪካም ለሥራ የሚውሉ እንዲህ ያሉ በረራዎች በልዩ ፈቃድ ሲካሄዱ የቆዩ ሲሆን፣ ወጥ ሥርዓት ለመዘርጋት የተዘጋጀ ረቂቅ ደንብ በኦገስት 2025 ለሕዝብ አስተያየት ቀርቧል። ልዩነቱ በእነዚህ በረራዎች የዓይንን ተግባር የሚተካ፣ አስቀድሞ የተፈተሸና ተጠያቂ ያለው ሥርዓት መኖሩ ነው። ለመዝናኛ የሚያበር ግለሰብ ይህ ሥርዓት የለውም።

ኢትዮጵያውያንን የሚመለከተው

በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ደንቡ የበለጠ ጥብቅ ነው። ከሬገን ብሔራዊ አውሮፕላን ማረፊያ በ15 ማይል ክልል ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግንና አሌክሳንድሪያን ጨምሮ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማብረር ክልክል ነው። በክፍያ የሠርግ ቪዲዮ ለመቅረጽ የሚደረግ በረራም በሕጉ እንደ መዝናኛ ስለማይቆጠር አብራሪው የሙያ ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል።

ኢትዮጵያ አባል የሆነችበትና እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በአንቀጽ 8፣ አብራሪ የሌለው አውሮፕላን በአንድ አባል አገር ግዛት ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይበር ይደነግጋል። በኢትዮጵያም ድሮን ወደ አገር ውስጥ ለማስገባትና ለማብረር ከሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። በመሆኑም በውጭ አገር ለመዝናኛ የተገዛን ድሮን ይዞ ለመምጣት የሚያስብ መንገደኛም ሆነ ለሥራው ድሮን ለመጠቀም የሚያቅድ መሥሪያ ቤት፣ ከጉዞው ወይም ከግዥው በፊት ፈቃዱን መጠየቅ ይኖርበታል። ፈቃድ ያገኘ አብራሪም ቢሆን፣ ከእይታ ውጭ ለመብረር በተለይ ካልተፈቀደለት በስተቀር ድሮኑን ከዓይኑ እንዳያርቅ የበረራ ደህንነት ያስገድደዋል።