የዐፄ ምኒልክ ሕመምና የመንግሥት ምሥጢር

አማርኛችን የንጉሥን ዙፋንና የሕመምተኛን መኝታ በአንድ ቃል «አልጋ» ብሎ ይጠራል። የዐፄ ምኒልክን የመጨረሻ ዓመታት ለሚመረምር ሰው ይህ የቃል መገጣጠም እንዲያው በዋዛ የሚታለፍ አይሆንም፤ ሁለቱ አልጋዎች በእርግጥም አንድ ሆነው ነበርና።

ሐዘን ለምኒልክ እንግዳ አልነበረም። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. በሕመም ሲሞቱ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ወዲያው በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው እስከ 1857 ዓ.ም. ከግዞት አልወጡም። ወንድ ልጃቸው አስፋ ወሰን በልጅነቱ ተቀጨ። ልጃቸው ሸዋረጋም ኢያሱን በሕፃንነቱ ትታ አለፈች። ከእቴጌ ጣይቱ ልጅ አልወለዱም። አልጋውን ይወርሳሉ ተብለው ይታሰቡ የነበሩት የአክስታቸው ልጅ ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ሞቱ። የንጉሠ ነገሥቱ ጤና መናጋት የጀመረውም ከዚያው ዓመት አንሥቶ ነው።

የቅኝ ገዢዎቹ ዐይን ሕመሙን ለማየት አልዘገየም። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ለንደን ላይ ተፈራረሙ፤ እንግሊዝ የዐባይን ተፋሰስ፣ ፈረንሳይ የባቡሩን መሥመር አካባቢ፣ ኢጣልያ ደግሞ ኤርትራንና ሶማልያን የሚያገናኘውን ምድር የጥቅም ክልል አድርገው ያዙ። ባለቤቱ ሳይሞት ርስቱን መሸንሸን ይሉታል ይህ ነው።

ምኒልክ አደጋውን አውቀውታል። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው፣ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውን በሞግዚትነት አቆሙለት። ነገር ግን ፊውዳላዊው ሥርዓት የቆመው በተቋም ሳይሆን በአንድ ሰው ፈቃድ፣ ሹመትና ሽረት ላይ ነበር። ሹመት ሥልጣንን ያከፋፍላል እንጂ ያንን መሠረት በሁለት ዓመት አይለውጠውም።

በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ሕመሙ ጠናባቸው፤ አካላቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። የቴአትር ደራሲ እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ ቢገጥመው ይጨነቃል፤ ግጭቱ ሁሉ በዙሪያው ይሽከረከራል፣ እሱ ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም። ባዶውን ቦታ እቴጌ ጣይቱ ሊሞሉት ሞከሩ። አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ንጉሡ ተመርዘዋል ብሎ ጥርጣሬ አነሣ፤ ወሬውም የእቴጌይቱ ባላንጣዎች መሣሪያ ሆነ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንትና መሐል ሰፋሪው ከሥልጣን አገለሏቸው፤ ሕመምተኛውን የማስታመሙ ሥራ ብቻ ተተወላቸው። ጣይቱን በሥልጣን ጥመኝነት ብቻ የሚከሱ ጸሐፊዎች፣ ያንን ክፍል ለዓመታት የጠበቀችው ያችው ሴት መሆኗን ባይዘነጉ መልካም ነው።

ሞግዚቱ ተሰማም በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ከሕመምተኛው ቀድመው ሞቱ። ወጣቱ ኢያሱ በአያቱ ስም ይገዛ ጀመር።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ዐዋጅ አልተነገረም፤ ነጋሪት አልተጎሰመም፤ ለቅሶም አልተፈቀደም። ገበያው በሹክሹክታ ያውቃል፣ ቤተ መንግሥቱ ዝም ይላል። ለዘመድ ሞት ድንኳን ተክሎ፣ አልቃሽ ጠርቶ የሚያለቅስ ሕዝብ የንጉሡን እርም ሳያወጣ ቀረ። አስከሬናቸው በግቢው ውስጥ በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት ተቀመጠ። ልጃቸው ዘውዲቱ ከነገሠች በኋላ ባሠራችው በበዓታ መቃብር ቤት እስኪያርፍ ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል።